አባቴን የሚያሳዩኝ ሁለት ካሜራዎች

ካሜራ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ። የሚያስለቅስ ነገር አልነበረም። ጎንደር ውስጥ ያለ ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው፤ ባለሱቁም ትሑት ሰው ነበር። «የሚጠበቀው ዕቃ ነው ወይስ ሰው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው እንባዬ ዱብ ዱብ ያለው። ሰውዬው ደንግጦ ወንበር ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም፤ እንባዬን እየጠረግኩ «ዕቃ ቢሆንማ መች እዚህ እመጣ ነበር!» ብዬ ተቆጣሁት።

የሚጠበቁት አባቴ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመተማ ቆላ የሰሊጥ እርሻዎች ላይ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ሲያልቅ ከትራክተሩ ወረዱና ኮኪት፣ ከአስፋልቱ ፈቀቅ ብሎ ባለው ቤታችን ተቀመጡ። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ልጃቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጎንደር ባል፣ ሁለት ልጆችና የኬሚስትሪ መምህርነት አለብኝ። «እኛ ጋ ይምጡ» ስላቸው ዓመታት አለፉ። «ብርዱ ይገድለኛል» ይላሉ። አርባ ዲግሪ ለለመደ ሰው ጎንደር እውነትም ይበርዳል፤ ምክንያቱ ብርዱ እንዳልሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ምክንያቱ በራቸው ላይ የሚያስቀምጡት ውኃ ነበር። ከበሩ ውጭ፣ የኒም ዛፉ ሥር፣ ሱዳኖቹ ዚር የሚሉት፣ እኛም ዚር ብለን የቀረነው ትልቅ የሸክላ ጋን በብረት እግር ላይ ቆሟል። ሸክላው ስለሚያልበው ውኃው በዚያ ንዳድ እንኳ ቀዝቃዛ ነው። ጣሳው በሰንሰለት ታስሯል። አላፊ አግዳሚው ይጠጣል፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። ለአረምና ለአጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሰሜን ደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሳሉግ የምንላቸው፣ እርሻ ፍለጋ ሲያልፉ የሚያርፉት እዚያ ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ጠጥተው ጥላው ሥር ይቀመጡና ወደ ግቢው አንገታቸውን አስግገው «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ?» ይላሉ። አባቴም ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ይወጡና የትኛው እርሻ ምግቡ ደህና እንደሆነ፣ የትኛው ሰፈር እባብ እንደበዛበት፣ የትኛው ባለሀብት አፉ ክፉ እንደሆነ ይነግሯቸዋል። ሥራቸው ይህ ነበር። ጎንደር ቢመጡ ይህን ሁሉ ለማን ይነግሩታል?

በዚያ ሰሞን ግን በቆላው ሰው እየታፈነ መወሰድ ጀመረ። ከእርሻ ሲመለስ የተወሰደ፣ ከመኪና አውርደው የወሰዱት፣ ከገዛ ግቢው የተወሰደ ሰው ወሬ ጎንደር ድረስ ይመጣል። ከአባቴ ጋር ትራክተር ይነዱ የነበሩ ሽማግሌ ሲወሰዱ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ ጋ ደውዬ አንዴ ካላነሱ፣ በቃ ተወስደዋል ብዬ መልሼ እደውላለሁ። ሁለተኛው ላይ ያነሱና «ሽንት ቤት ነበርሁ፤ ደሞ ምን ሁነሻል?» ይሉኛል። በቀን አሥር ጊዜ እደውላለሁ። ባሌ «ሰውዬውን በስልክ ገደልሻቸው» ይለኝ ነበር።

የሚታዩኝ እነዚያ በር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ነበሩ። ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው፣ ማጭድና ዱላ የያዙ ወንዶች፤ በሩ ክፍት፤ ውስጥ አንድ ብቸኛ ሽማግሌ። የቆላ ልጅ ነኝ እኮ! እነዚያን ሰዎች እያየሁ ነው ያደግኩት፤ እናቴ ምግብ ስትሰጣቸው ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ፍርሃት ግን ሰውን ባዕድ ያደርጋል። ጎንደር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ጠረጠርኳቸው።

ባለሱቁ ሦስት ዓይነት ካሜራ አሳየኝ። አንዱ ከመቅጃ ሣጥን ጋር በገመድ የሚያያዝ፣ ቴሌቪዥን የሚፈልግ ነው፤ «ይሄ ለመጋዘን ነው» አለኝ። ሁለተኛው ትንሽ፣ ነጭ፣ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ፤ የእኛ አገር ሙቀትና አቧራ አንድ ወር አያቆየውም። ሦስተኛው ውጭ የሚሰቀል፣ ሲም ካርድ የሚገባበት፣ በሶላር ባትሪ የሚሠራ፣ አንገቱን በስልክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞሩት። መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ እስካለ ድረስ ያሳያል። ድምፅ ማጉያም አለው። «ከዚህ ሆነሽ ሌባውን መሳደብ ትችያለሽ» አለኝ እየሳቀ። የተቆጣሁትን አልረሳም መሰለኝ። ሌባ መሳደቡን ወደድኩት። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ለበሩ፣ አንዱን ለግቢው።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ከሚገጥመው ባለሙያ ጋር አብረን ወረድን። ከጎንደር እስከ ሸሕዲ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ። ባለሙያው ደጋ ያደገ ስለሆነ መንገዱን ሙሉ ላቡን ሲጠርግ ነበር። ስንደርስ በሩ እንደ ልማዱ ወለል ብሏል፤ ኒሙ ሥር ሰባት ስምንት ሰው ጋደም ብሏል። ደሜ ፈላ። ሰላም እንኳ ሳልላቸው አልፌ ገባሁ።

ባለሙያው መሰላሉ ላይ ወጥቶ «ወዴት ይዙር?» አለኝ።

«ወደ ዚሩ። ጣሳውን አንስተው ሲጠጡ ቀና ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይያዛል።» እንዲህ ያለ ነገር በማሰቤ ኮርቼ ነበር።

አባቴ ከታች ቆመው ሰሙኝ። «ልጀ፣ ውኃ የሚጠጣ ሰው አይታይም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ነውር ነው። እንዴት ጉሮሮው ላይ ዓይን ይተከልበታል?»

ይህን እኔም አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲበላ ትክ ብዬ ካየሁ የእናቴ ቁንጥጫ አይቀርልኝም ነበር። በእኛ አገር የሚበላና የሚጠጣ ሰው ላይ አይፈጠጥም፤ ዓይን ያርፍበታል፣ ይታመማል ይባላል። ባይታመም እንኳ ያፍራል። እኔ ግን «አባባ፣ ይሄ ዓይን አይደለም፤ ሌንስ ነው» አልኳቸው፣ ሰነፍ ተማሪ በማርምበት ድምፅ። ሁለተኛው ካሜራ ግቢው ውስጥ፣ ከበረንዳው ትይዩ ተሰቀለ።

ጎንደር ከተመለስኩ በኋላ ስልኬ ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም። የተማሪ ስልክ የምቀማው እኔ፣ ጠረጴዛ ሥር ደብቄ አባቴን አያለሁ። ጠዋት ወደ ግቢው ይወጡና ቀና ብለው ካሜራውን «እንደምን አደራችሁ» ይሉታል። ማን እንደሚያያቸው ስለማያውቁ ነው እንዲያ የሚያበዙት፤ ምናልባት ጎንደር በሙሉ የሚያያቸው መስሏቸዋል። ሽርጥ ብቻ አገልድመው፣ ደረታቸውን ለነፋስ ሰጥተው ይውሉ የነበሩ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው ሽንት ቤት የሚሄዱት። ያኔ አይቼ ሳቅኩ። ለባሌም አሳየሁት፤ እሱም ሳቀ።

የበሩ ካሜራ ላይ ሰው እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይመጡና ጣሳውን አንስተው ቀና ሲሉ ያዩታል። ጣሳውን መልሰው ያስቀምጡታል። አንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠጣል። ቆይተው በመንገዱ በወዲያኛው ጠርዝ ማለፍ ጀመሩ። መስከረም ላይ አጨዳው ሲደርስ ኮኪት በሠራተኛ ተጥለቅልቆ እያለ፣ ኒሙ ሥር ዶሮ እንኳ አይታይም ነበር።

አባቴ ደወሉ። ራሳቸው ሲደውሉ ብርቅ ነው። «ሰው ቀረ» አሉኝ።

«ይቅር!»

«ውኃውን ማንም አይነካው። አመሻሽ ላይ እኔው እደፋዋለሁ።»

«አባባ፣ እንኳንም ቀሩ። ማንም ካልመጣ ታዲያ በሩ ለምን ተከፍቶ ይውላል? ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዝጉት።»

«እሽ» አሉ። በስልኬ ሳያቸው ብረቱን በሁለት እጃቸው ገፉት። ከገፉት በኋላ ወደ ካሜራው ዞረው፣ ልክ መሆኑን እንድነግራቸው የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆሙ። ደስ አለኝ። መንገዱ ባዶ፣ በሩ ዝግ፣ ግቢው ጸጥ ያለ፤ ይህን ሳይ ነበር ትንሽ ዕረፍት የማገኘው። አባቴ በዚያ ባዶ ግቢ ውስጥ ምን ሲያደርጉ እንደሚውሉ አልጠየቅኳቸውም። ምን ይጠየቃል፤ አያቸዋለሁ እኮ።

ጎረቤታችን፣ እናቴን ያስታመመች ሴት፣ አንድ ቀን ደውላ ተቆጣችኝ። «አንች፣ ያን ነገር አውርጅው። ሰው በታፈነ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳሉግ ነው። ከዚያ የጠጣ ሁሉ ፎቶው ጎንደር ይላካል ተብሎ ተወርቷል። ማን ለአንድ ጣሳ ውኃ ብሎ ይታሰራል?»

«ይወራ» አልኳት። እሷም ከዚያ በኋላ ለአጨዳ ሠራተኞች ምግብ ልትሠራ ወደ እርሻ ወረደች። በየዓመቱ ትወርዳለች፤ ለአንድ ወር ያህል ቤቷ ዝግ ይሆናል። አውቃለሁ፤ ግን አላሰብኩትም።

ጥቅምት ውስጥ ነው። አሥረኛ ክፍሎችን እየፈተንኩ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ከፈትኩ። አባቴ በሽንት ቤቱና በበረንዳው መካከል መሬት ላይ ተኝተዋል። የቆላ ሰው በጥላ መሬት ላይ ጋደም ማለቱ ብርቅ ስላልሆነ መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ከዚያ ጥላ እንደሌለ አየሁ። ፀሐይ ላይ ናቸው። ቀኝ እግራቸው፣ እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል።

ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ። አንድ ተማሪ «መምህር፣ ምን ሆኑ?» ሲል ሰምቻለሁ፤ ምን እንደመለስኩለት አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የድምፅ ማጉያውን ምልክት ተጫንኩት። «አባባ! አባባ፣ ይሰሙኛል?»

ጭንቅላታቸው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ያዩት ወደ በሩ ነው፤ በአካል የመጣሁ መስሏቸው። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞሩ። «አለሁ ልጀ» አሉ። «አዳለጠኝ።»

«አይነሡ! አይንቀሳቀሱ! ሰው እልካለሁ!»

ማንን? ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ፤ እርሻው ኔትወርክ የለውም። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ገለበጥኳቸው። ኮኪት ተወልጄ ያደግኩ ሴት፣ ኮኪት ውስጥ ሊደርስላቸው የሚችል የሌላ አንድ ሰው ቁጥር እንኳ አልነበረኝም። ካሜራ ካለኝ ወዲህ ሰው ፈልጌ አላውቅም። ባሌ ጋ ደወልኩ፤ እሱም ሸሕዲ ሰው የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ጀመረ። ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ጋ ደወልኩ። ያኔ የወሰደን የባጃጅ ሹፌር ቁጥር ነበረው፤ ደውሎለት ተመልሶ ደወለልኝ። ሹፌሩ ሸሕዲ ነው፤ ሰው አውርዶ ይመጣል። አውርዶ ይመጣል! በዚያ ፀሐይ!

የበሩን ካሜራ ከፈትኩ። ሦስት ሰዎች፣ ጓዛቸውን በዱላ አንጠልጥለው፣ በመንገዱ በወዲያኛው ጠርዝ እያለፉ ነው። የአጨዳ ሠራተኞች ናቸው። በሕይወቴ ሰው አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምልክቱን ተጭኜ ጮኽኩ፦ «እናንተ! ወንድሞቼ! አባቴ ውስጥ ወድቀዋል! በሩን ስበሩት!»

ሦስቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ግራ ቀኝ አዩ። ሰው የለም። የሴት ድምፅ ከግድግዳው ነው የመጣው። «ወንድሞቼ፣ በማርያም!» ስል አንዱ ካሜራውን በእጁ አሳያቸውና ሮጡ። አንደኛው ጓዙ ወደቀበት፤ ተመልሶ አላነሣውም። እየጮኽኩ ከስክሪኑ ወጡ። በኮሪደሩ ያሉ ክፍሎች በራቸው ተከፍቶ መምህራን አንገታቸውን አውጥተው ያዩኝ ነበር።

ወደ አባቴ ተመለስኩ። ሊነሡ ሞክረው ኖሮ ሽርጣቸው ተፈትቷል። እጃቸው ይፈልገዋል፤ አይደርስበትም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና ድምፁን ጨመርኩ።

«ልጀ፣ አዙሪው» አሉኝ። «አትይኝ። ወዲያ አዙሪው።»

ማዞር እችል ነበር። ጣቴን ወደ ጎን ማንሸራተት ብቻ ነው፤ ካሜራው አንገቱን አዙሮ አጥሩን ያያል። ግን ካዞርኩት መተንፈሳቸውን በምን አውቃለሁ? «አላየሁም አባባ፣ አላየሁም» እያልኩ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋቸው። እሳቸውም ማየቴን ያውቃሉ። ካሜራው ጫፍ ላይ ያለች መብራት ስትበራ ሰው እያየ መሆኑን ራሴ ነበርኩ ያስተማርኳቸው። ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ። ከፀሐዩ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።

ከዚያ ምስሉ ደረቀ። ኔትወርክ ሲደክም እንዲያ ያደርጋል፤ ክንዳቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፣ መሐል ላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጂኦግራፊ የምታስተምር ባልደረባዬ ይዛኝ ነበር። ሞቱም አልሞቱም ማለት አልችልም፤ ያለኝ አንድ የቆመ ሥዕል ነው። እግዜርን ለመንኩ፣ ካሜራውን ረገምኩ፣ የኔትወርኩን ሰዎች ረገምኩ፣ ራሴን ረገምኩ። ለፈተና የቀረበ ተማሪ ሁሉ ሰምቶኛል።

ምስሉ ሲመለስ አጥሩ ላይ አንድ ሰው ነበር።

ፊቱን እስከ ዓይኑ ድረስ በፎጣ ጠቅልሏል። ስፈራው የኖርኩት ሰው ነው፤ ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ዘሎ ወረደ። ወደ አባቴ ሮጠ። ተንበርክኮ መጀመሪያ ያደረገው ሽርጣቸውን ማልበስ ነው። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለውን ነጠላ አውልቆ በራሳቸው ላይ ዘረጋው፤ ሄዶም መቀርቀሪያውን ሳበ። የባጃጁ ሹፌር ገባ። ሁለቱ ተሸከሟቸው። ሲያነሧቸው አባቴ የጮኹት ጩኸት በስልኬ መጣ፤ ስልኩን ደረቴ ላይ አፈንኩት።

ሹፌሩ ሁሉንም በኋላ ነገረኝ። ሲመጣ መንገድ ላይ ሦስቱን ሲሮጡ አገኛቸው። ግድግዳ ተናገረ አሉት። ነገሩን ሲያስረዳቸው ሁለቱ እምቢ አሉ። አንደኛው «ፊቴን ልሸፍንና እሄዳለሁ» ብሎ ባጃጁ ላይ ወጣ። ሸሕዲ ሆስፒታል ድረስ የአባቴን ራስ ጭኑ ላይ ይዞ ሄደ። እኔ በመኪና ስደርስ የለም፤ ስሙንም ማንም አልጠየቀው። ቀረጻው አለኝ። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ከዓይኑ በቀር ምንም አይታይም። በመንገድ ባገኘው አላውቀውም።

የአባቴ የዳሌ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ወደ ጎንደር አመጣናቸው፣ ታከሙ፣ ከእንግዲህ በእግራቸው አይሄዱም ተባለ። እኛ ቤት፣ የልጆቼ ክፍል ውስጥ ተኙ። ብርዱን ፈርተው አልነበር፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው፣ ያም አላሞቃቸውም። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ እመርጥ ነበር። የኮኪትን ነገር ሳነሳ ይሰሙኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እየከሱ ሄዱ፤ ጀርባቸው ቆሰለ፤ ሳል ጀመራቸው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አነጋገረኝ፤ ያለውን እዚህ መድገም አልፈልግም።

እኔ ግን ሥራ አላጣሁም። መድኃኒት በሰዓቱ፣ ሾርባ በሰዓቱ፣ ሐኪም ቤት፣ ክፍለ ጊዜ፣ የተማሪ ወረቀት። በየመሐሉ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጌ አንገቴን አስገብቼ አያቸዋለሁ። ይተነፍሳሉ? ይተነፍሳሉ። መልሼ እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል፣ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ፣ እንደዚያው አንገቴን አስገባሁ። የተኙ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ እኔን እኔን ያዩኛል።

«ማየቱንስ አይተሽኛል» አሉኝ። «እስቲ ግቢና ቁጭ በይ።»

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነበር፤ ያዝኩት። በስልክ ስንት ዓመት ሙሉ ይዝጉ፣ ይግቡ፣ ይብሉ፣ ይልበሱ ስላቸው የኖርኩት ሴትዮ፣ ፊት ለፊታቸው ስቀመጥ የምላቸው ጠፋኝ። ትምህርት ቤቱ ደወለ፤ አላነሣሁም። ፀሐዩ ከመስኮቱ እስኪሄድ ድረስ ተቀመጥን፤ ከዚያ በኋላ አብረን ለመቀመጥ የቀረን ስድስት ቀን ነበር።